መጋለብ የማይችል ሸሪፍ

አርኒ ፕሎትኪን ያቺን ውሸት የዋሸው በመጋቢት ወር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሰዎች በቀልዱ ሲንፈራፈሩ ቆዩና አንደኛው እንባውን እየጠረገ፣ «ለመሆኑ ፈረስ ትጋልባለህ?» አለው።

«እንዴ! ፈረስ ላይ አይደል እንዴ ያደግሁት!» አለ አርኒ።

ያደገው ብሩክሊን ውስጥ፣ ከእናቱ የዓሣ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በልጅነቱ በቅርብ የሚያውቀው ፈረስ የወተት ጋሪ የሚጎትተው ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ቢሆን መንገድ ተሻግሮ ነበር የሚያልፈው። ለነገሩ ይህን ውሸት ያልዋሸ የሆሊውድ ተዋናይ ካለ ገና ሥራ ያላገኘ ነው። ትዋኛለህ? እንደ ዓሣ። ጎራዴስ? ከልጅነቴ ጀምሮ። ፈረስስ? እንዴታ! መጀመሪያ አዎ ይባላል፤ ውሉ ይፈረማል፤ ከዚያ ሮጦ አስተማሪ መፈለግ ነው። አርኒም «በፈረስ ግልቢያ የሠለጠነ» ከሚለው መስመር ሥር ፈረመ፤ የኢንሹራንሱም ነገር በዚያችው ፊርማ ታሰረ። ከዚያ ደንቡን ተከትሎ አስተማሪ ቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ፈረሱን አየው። በሁለተኛው ቀን ፈረሱ እሱን አየው። በሦስተኛው ቀን ወገቤን ብሎ ቀረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በአርኒ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

አሁን ኅዳር ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ባለው ሸለቆ፣ ለካውቦይ ፊልም ተብላ በተሠራች የእንጨት ከተማ ውስጥ፣ «ሸሪፉ ምሳ ላይ ነው» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ሰባተኛ ክፍል ሊቀረጽ ነው። ሸሪፉ፣ ማለት የከተማዋ ሕግ አስከባሪ፣ አርኒ ነው። ሽፍታ ባንክ ሲዘርፍ ሸሪፉ ባቄላውን ሳይጨርስ ከወንበሩ አይነሣም። ነፍሰ ገዳይ ለፍልሚያ ሲጠራው «ቡናዬ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ታገሠኝ» ይለዋል። በመጨረሻ ግን ኮፍያውን ደፍቶ ፈረሱ ላይ ዘሎ ይወጣና ሽፍቶቹን ሜዳ ለሜዳ አሳዶ ይይዛቸዋል። የሚበላው አርኒ ነው። የሚያሳድደው ላይል ነው፤ በቁመትና በትከሻ አርኒን የሚመስል፣ ከፈረስ መውደቅን መተዳደሪያው ያደረገ ጎልማሳ። ፊቱ እንዳይታወቅ ካሜራው ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚከተለው። ለአደገኛ ግልቢያ ምትክ ማቆም የተለመደ ነውና የጠረጠረ የለም።

አርኒ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሃያውን ዓመት የፈጀው በየተራራው ሆቴል እየዞረ ሾርባ የሚጠጡ ሰዎችን በማሳቅ ነው። ሾርባ የያዘን ሰው ለማሳቅ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው አርኒን ይረዳዋል። ይህ ተከታታይ ከተሰረዘ ተመልሶ ወደ ሾርባው መሄዱ ነው። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው አስቁሞ «ሸሪፍ!» እንዲለው እስኪያመው ድረስ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ደርሶለታል። ለሦስት ቀን ያንኑ ሲያወራ ሰነበተ።

ተመልካቹ ግን አልመጣም። ስድስት ክፍል ተላለፈ፤ በዚያው ሰዓት በሌላ ጣቢያ የሚቀርብ የዘፈን ዝግጅት አገሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ተከታታዩ አሥራ ሦስት ተጨማሪ ክፍል ይሠራለት ወይስ እዚሁ ይቀበር የሚለውን የሚወስኑት የጣቢያው አለቃ ሚስተር ክራንደል ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ይመጣሉ። የሚፈልጉትን አስቀድመው በስልክ ተናግረዋል፦ «ስድስት ሳምንት ሙሉ ሸሪፉ ሲጋልብ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው። የሰውየውን ፊት ፈረስ ላይ አሳዩኝ።»

ጠዋት አርኒ ወደ ጋጣው ሲሄድ ቨርና ታከት ፈረሱን እየቦረሸች ነበር። ቨርና ባልደራስ ናት፤ ኦክላሆማ ተወልዳ ከአባቷ ጋር ፈረስ እየገራች ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት በካውቦይ ፊልም ላይ የኖረች፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት። ከላይል ሌላ የአርኒን ምስጢር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ያወቀችው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አርኒ በቀኝ በኩል ሊወጣ ሲታገል ነው። ፈረስ የሚወጣው በግራ ነው። ምንም ሳትል ትከሻውን ይዛ አዞረችው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ፊትህ አመድ መስሏል» አለችው።

«ሜካፕ ነው።»

«ሜካፕማ ገና አልተቀባህም።» ብሩሹን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች። «ስማኝ አርኒ። ሳይቃጠል በቅጠል። አሁኑኑ ለግሌን ሄደህ ንገረው። ‹አልችልም› በለው፤ አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«ዛሬ? ሰውየው እየመጣ?»

«ትናንትማ አለፈ!»

«ይሰርዙታል ቨርና። ምክንያት ነው የሚፈልጉት።»

«አንገትህ ቢሰበርስ?»

«ከቀጠለልኝ ይሰበር። ሸሪፉ አንገቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ይበላል።»

ቨርና አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ በአርኒ ቀልድ ጋጣው እስኪናጋ ድረስ የምትስቀው ሴት ዝም ብላ ስታየው አርኒ ይበልጥ ፈራ።

ፈረሱ ቢስኩት ይባላል። ዳማ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ሕፃን ጆሮውን ቢጎትተው የማይቆጣ ጨዋ። አንድ አመል ብቻ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት በሙሉ በማሳደድ ትዕይንት ሲሠራ ኖሮ አንድ ነገር በደንብ ተምሯል፤ ሰው ጮኾ «አክሽን!» ካለ መሮጥ ነው። ማንም ይናገራት ማን፣ ያቺን ቃል ከሰማ የሚያቆመው የለም። ብዙ የፊልም ፈረሶች እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቢስኩት ባለበት ዳይሬክተሩ ግሌን ሃስኪንስ ቃሏን ከአፉ አያወጣትም፤ ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ሥራው በዝምታ ይጀመራል።

«ከአንጥረኛው ቤት እስከ መጠጥ ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ነው» አለች ቨርና። «ግሌን ኮፍያውን ያነሣል። እኔ ካሜራው አጠገብ ሆኜ በምላሴ እጠራዋለሁ። ቢስኩት ቀስ እያለ ወደ እኔ ይመጣል፤ ይቆማል። አንተ ልጓሙን አትሳብ፤ በእግርህ አትጭመቀው። ዝም ብለህ ሸሪፍ ምሰል።»

«የምይዘው ነገር የለም?»

«አፍህን ያዝ።»

ላይል ኮርቻውን ተሸክሞ ገባ። «አይዞህ ሸሪፍ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አለው። «ከወደቅህ ደግሞ እንደ ጆንያ ውደቅ። አጥንቱ የሚሰበረው አልወድቅም ብሎ የሚታገል ሰው ነው።»

«ላይል፣ በናትህ ሌላ ወሬ አምጣ።»

ከማለዳ ጀምሮ ከበረሃው የሚነሣ ደረቅ ነፋስ ከተማዋን እያንገላታት ነበር። የሳንቃ ቤቶቹ ይንሿሿሉ፤ ከኋላቸው በግንድ የተደገፉ ፊቶች እንጂ ቤቶች አይደሉም። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ማሳረፍ አቅቷቸዋል። ረፋድ ላይ ጥቁር ረጅም መኪና አቧራውን እያቦነነ መጣና ሚስተር ክራንደል ወረዱ። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ ቀጭን ሰው ናቸው። በኮሜዲ ንግድ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ሲስቁ ግን አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው የለም።

አርኒ ያኔ ፈረሱ ላይ ነበር። ላይል ከሥር ገፍቶ፣ ቨርና ከማዶ ጎትታ አስቀምጠውታል። መሬቱ ሩቅ ነው። ከሥሩ ያለው ነገር ይተነፍሳል፤ ይህን ማንም አልነገረውም፣ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ትንፋሹ በጭን እንደሚሰማ። ላቡ በኮፍያው ሥር እየወረደ ዓይኑን ያቃጥለዋል።

ሚስተር ክራንደል ቀና ብለው አዩት። «ፕሎትኪን፣ በመጨረሻ ፊትህን ልናየው ነው።»

«ጀርባህ ይሻላል ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሚስተር ክራንደል ከንፈራቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ወደ ግሌን ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሳይሞክሩ፣ «ለእናንተ የሐሙስ ሰዓት የጥያቄና መልስ ዝግጅት ተሰናድቶ ቆሟል» አሉ። «እንዳልተካው የሚያደርግ ነገር ካላችሁ የምታሳዩኝ ዛሬ ነው።»

ግሌን «አዎ ጌታዬ» አለ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። አርባ ሰው በእሱ ሥር ይሠራል፤ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ዓይኑን ነው የሚያዩት።

ቨርና ቢስኩትን እስከ አንጥረኛው ቤት ድረስ በእጇ መርታ ወሰደችው። የአርኒን እግር እርካቡ ውስጥ አስተካከለችና ጭኑን መታ አደረገችው። «ሠላሳ እርምጃ» ብላው ወደ ካሜራው ተመለሰች። አርኒ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ሆኖ ሰዎቹ ያንሳሉ፤ በነፋሱ ምክንያት የሚሉት አይሰማም። ዓይኑን የግሌን ኮፍያ ላይ ተከለ።

በዚህ ሙያ ትልቅ ሰው ቀረጻ ሊያይ ሲመጣ የሚሰጠው ክብር አለ። በዳይሬክተሩ ወንበር ያስቀምጡትና የማስጀመሪያዋን ቃል እሱ እንዲል ይጋብዙታል። የባንክ አለቃ ይሁን የከንቲባ ሚስት፣ ያቺን ቃል ጮኾ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ፊቱ እንደ ሕፃን ይበራል፤ ለሳምንትም ያወራዋል። ግሌን ዓይኑን ከሚስተር ክራንደል ፊት ላይ ሳይነቅል፣ የአርባ ሰው ሥራ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክብሩን አስታወሰ። ፈረሱን ረሳ።

«ሚስተር ክራንደል፣ እርስዎ ያስጀምሩልን እንጂ!»

«እኔ?»

«ኧረ በሞቴ! ክብሩ የእርስዎ ነው።»

አርኒ ይህን አልሰማም። ያየው ሌላ ነው። ኮፍያው አልተነሣም። በኮፍያው ፋንታ ሚስተር ክራንደል ከዳይሬክተሩ ወንበር ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን ሊያደርጉ ነው? አለ አርኒ በልቡ። ንግግር ሊያደርጉ ነው እንዴ? ከዚያ ቨርና አንገቷን ወደ እሳቸው ስታዞር አየ። እጇን ዘርግታ መሮጥ ጀመረች። አፏ ተከፍቷል፤ «አይ!» እያለች ይሆናል። ሚስተር ክራንደል ደረታቸውን በአየር ሞሉ፤ ነፋሱንም ሆነ የቨርናን ጩኸት በሚያሸንፍ ድምፅ፦

«አክሽን!»

ቢስኩት ተፈተለከ።

አርኒ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ኮርቻው ከሥሩ ሄዶ እሱ አየር ላይ መቅረቱ ነው። ከዚያ ኮርቻው ተመልሶ መጥቶ ጥርሱን አጋጨው። ኮፍያው በረረ፤ ራሱ በፀሐዩ አብለጨለጨ። ሁለት እጁን ጋማው ውስጥ ቀበረ። ካሜራውን አለፉ። በፊልሙ የአንዲት መበለት ቤት ከሆነው ሳንቃ ፊት ለፊት የተሰጣው ልብስ ከነገመዱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ነጭ የሴት የውስጥ ሱሪ ፊቱን ሸፈነው። ዓይኑ ሳያይ በመጠጥ ቤቱ በር ገቡ፤ ከበሩ በስተጀርባ ቤት የለምና ቢስኩት ቀጥ ብሎ ወጥቶ የመብራት ሠራተኞቹን የምሳ ጠረጴዛ ደርምሶ፣ ዞሮ እንደገና ወደ መንገዱ ተመለሰ። የካሜራው ሰው ነገሩ ሁሉ የታቀደ መስሎት እየተከተለ ይቀርጻል።

ሳቁን አርኒ የሰማው ያኔ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አርባው ሰው በሳቅ ፈነዳ። በሃያ ዓመቱ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

ኮርቻው ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ። አርኒም አብሮ ተንሸራተተ፤ ራሱ ወደ መሬት፣ አንድ እግሩ እርካቡ ውስጥ እንደተቆለፈ። የፈረሱ ኮቴ ከጆሮው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ መሬቱን ይደልቃል። በእናቱ ቋንቋ እናቱን ጠራ። በሳቅ ፍርስ አሉ። «እርዱኝ!» አለ። ይበልጥ ሳቁ። እዚህ ላይ አርኒ በኋላ ለራሱ እንኳ ሊያስረዳው ያልቻለ ነገር ሆነ። ተዘቅዝቆ፣ ልሞት ነው ብሎ እያመነ፣ ሳቁ ትንሽ እስኪበርድ ጠበቀና ልክ በሰዓቱ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «እርዱኝ እንጂ!» አለ። ሳቁ ጣሪያ ነካ። ይለምን ይሁን ይቀልድ እሱም አላወቀውም።

ቨርና መንገዱ መሐል ቆመች። እጆቿን ዘርግታ፣ እግሮቿን ከፍታ፣ ስሙን እየጠራች። ቢስኩት ሊያልፋት ሲል ልጓሙን ያዘች፤ በትከሻው መትቶ ጣላት፤ አልለቀቀችም። አሥር እርምጃ ያህል በአቧራው ላይ ጎተታትና ቆመ። ትከሻዋ ከቦታው ሲወጣ የተሰማውን ድምፅ አርኒ በደንብ ሰማው፤ ከእሱ ሌላ ግን ማንም አልሰማም፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ላይል ሮጦ ደረሰ። እሱ አልሳቀም። የአርኒን እግር ከእርካቡ አወጣ፤ ጣቶቹን ግን ከጋማው ለማላቀቅ አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረበት። አርኒ ሲቆም ሱሪው ርሷል፤ የሴት ሱሪው አሁንም አንገቱ ላይ ነው።

ሚስተር ክራንደል እየመጡ ነበር። እያለቀሱ ነው የሚመጡት። እኚያ ከንፈራቸው የማይንቀሳቀስ ሰው መነጽራቸውን አውልቀው፣ በአንድ እጃቸው የግሌንን ትከሻ ተደግፈው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ይስቃሉ። «አሥራ ሦስት!» አሉ መናገር ሲችሉ። «አሥራ ሦስቱንም ክፍል ትሠራላችሁ! በየሳምንቱ ይህን ስጡኝ። ያን ጩኸት! ፕሎትኪን፣ የት ደብቀኸው ነበር ይህን?»

አርባው ሰው አጨበጨበ። አንዱ የአርኒን ጀርባ መታ፤ ሌላው ኮፍያውን አምጥቶ ራሱ ላይ ደፋለት። አሥራ ሦስት። አርኒ ቃሏን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ መዋሸት አይገባም። ነዳጅ ማደያዎቹ ሁሉ፣ መንገዶቹ ሁሉ ታዩት።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ሚስተር ክራንደል፣ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ። «ያቺ ሴት። ምን ብላ ነው ካሜራ ፊት የገባችው? ማለቂያውን አበላሸችው። ፈረሷን ቀድማ መያዝ ያልቻለች ባልደራስ ለምን ትጠቅመኛለች? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላያት። የሌሎቹ ጣቢያዎች ሰዎችም ይወቋት።»

ግሌን ጫማውን አየ። ምን እንዳደረገ አሁን ገብቶታል፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል፤ ግን ዝም አለ። ቨርና መሬት ላይ ተቀምጣ ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ይዛለች። መናገር ትችል ነበር። «ሰውየው መጋለብ አይችልም፣ ለዚህ ነው የገባሁት» ብትል ይበቃት ነበር። አርኒን አንድ ጊዜ አየችውና ዓይኗን ወደ ፈረሱ መለሰች።

አርኒም ዝም አለ። ለአፍታ ነው፤ ግን ዝም ማለቱን እሱ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች፣ በኋላ አናግራቸዋለሁ፣ እያለ ለራሱ አወራ። ስሟ በየጣቢያው ከተነሣ በኋላ ማንም ፈረስ እንደማያስነካት እያወቀ ነው ይህን ያለው። ከዚያ በራሱ አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ሚስተር ክራንደል» አለ። «እኔ መጋለብ አልችልም።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። የውስጥ ሱሪው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ነዋ።

«እውነቴን ነው። ከዛሬ በፊት ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ይበልጥ ሳቁ። ሚስተር ክራንደል ሆዳቸውን ይዘው «በቃህ፣ በቃህ» አሉት፤ አንድ የመብራት ሠራተኛ መሬት ላይ ተዘረረ።

አርኒ ሳቅ እንዴት እንደሚነሣ ዕድሜውን ሙሉ ሲማር ኖሯል። እንዴት እንደሚሞት ደግሞ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ በየሆቴሉ በእጁ ላይ ሲሞት አይቶታልና። ተጣድፈው የተናገሩት ይሞታል። መሬት እያዩ የተናገሩት ይሞታል። ያብራሩት በተለይ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ያን ጊዜ ሲሸሸው የኖረውን ሁሉ አውቆ አደረገው። የሴት ሱሪውን ከአንገቱ አውርዶ አጠፈው። ኮፍያውን አወለቀ። መሬት መሬት እያየ፣ ሳያርፍ፣ ከፍና ዝቅ በማይል ድምፅ ተናገረ።

«መጋቢት ላይ ስትጠይቁኝ ዋሸሁ። ስድስቱንም ክፍል የጋለበው ላይል ነው። ቢስኩት የሮጠው እርስዎ ቃሏን ስላሉ ነው፤ ያችን ቃል ከሰማ ይሮጣል። እኔ የጮኽኩት ልሞት ስለነበር ነው። ሱሪዬን ይዩት። ቨርና ባትገባ ኖሮ አሁን የምታጨበጭቡት ለሬሳ ነበር። ትከሻዋ ወልቋል፤ ማንም አላያትም።»

ሳቁ ከጫፍ ጀምሮ ቆመ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ዞር ብሎ ሲያይ አቆመ። የመጠጥ ቤቱ በር በነፋሱ ሲማታ ይሰማ ነበር።

ሚስተር ክራንደል የአርኒን ሱሪ አዩ። ከዚያ ቨርናን አዩ። ፊታቸው ወደ ድሮው ተመለሰ። «ውሉ ላይ ፈርመሃል» አሉ።

«ፈርሜያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ኢንሹራንሱ የቆመው በዚያ ፊርማ ነው። አርባ ሰው ፊት ነው የነገርከኝ፤ አልሰማሁም ልል አልችልም። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ አንድም ካሜራ አይንቀሳቀስም።»

«አውቃለሁ።»

ሚስተር ክራንደል ወደ ቨርና ሄዱ፤ ዝቅ ብለው፣ «ይቅርታ፣ ወይዘሮ ታከት። አጥፍቻለሁ» አሏት። ከዚያ ግሌንን፣ «ሐኪም ቤት ውሰዷት። ሐሙስ የጥያቄና መልሱ ይገባል። ይህንን ዝጉት» አሉት።

በሰባተኛው ክፍል ተዘጋ። መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አርኒ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ዕቃ ተሸክሞ ያልፋል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ኮፍያውን ያመጣለት ሠራተኛ የገመድ ጥቅል እየጎተተ ሲያልፍ፣ «ጻድቁ ሸሪፍ! ለልጆቼ ጽድቅህን አበላቸዋለሁ» አለው። ሰውየው እውነቱን ነው።

ጥቁሩ መኪና ሲወጣ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። መስኮቱ ወረደ። ሚስተር ክራንደል ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ።

«ፈረሱን የሚፈራ ሸሪፍ» አሉ። «የሚበላ ሸሪፍ ማን ቸገረው? ሁሉም ሰው ይበላል። ፈረሱን እየፈራ በየሳምንቱ ግድ የሚወጣ ሸሪፍ ግን... ሐሙሱን አሁን ለሌላ ሰጥቻለሁ፤ አንተንም የሚያስፈርም ኢንሹራንስ አይገኝም። ይህን በመጋቢት ብትነግረኝ ኖሮ ምትኩ ይጋልባል፣ አንተ ትጮኻለህ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አስተላልፈው ነበር።»

መስኮቱ ተዘጋ፤ መኪናው ሄደ።

ላይል የጭነት መኪናውን እስኪያመጣ ቨርና በርሜል ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሕመሙ ከንፈሯን አንጥቶታል። አርኒ ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

«ሰውየው ምን አለህ?» አለችው።

ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ ድምፅዋ ቁጣም እንባም ነበረበት፤ «ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርካቸውም?»

«ያባርሩኛል ብዬ» አለ አርኒ።